የሲንጀሩ እግር

ጉም ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሲጋርድ፣
ከሆጤ ሸሽተን ነው ቁልቁል የምንወርድ፣
ወደ እትዬ ዘምዘም፣ ወደዚያች አንድ ክፍል፤
ሁለት ብር ይዘን፣
ቀሚስ ላናሰፋ፣ ሱሪ ላናስቀጥል።

ሰልባጅ ደንበኛዋን ጠርጎ ከወሰደ፣
የሲንጀሩ ራስ ገበያ ወረደ፤
እግሩ ብቻ ቀረ፣ ከነፔዳሉ ቆሞ፣
አሁን ግራጫ ሳጥን ተሸክሟል ደግሞ።

ከመቶ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ ይሉታል፤
የሠራው ሰውዬ ስንት ፎቅ ሠርቶበታል?
እሷ የምታውቀው ያንዱን ብቻ ጠባይ፦
ሌንሱ ሲደክመው ዲስኩን አላነብ ባይ፣
ገልብጣ ታስተኛለች፣ ሆዱን ወደ ሰማይ።
«ቁርጠት ነው» ትላለች፣ መዳፏን አሙቃ፤
ቆይቶ ሲርር ይላል፤ ሜዳው ወለል። በቃ።

ስለ ኳስ አታውቅም።
ግን ጣታችን ሲሮጥ ጆይስቲኩ ላይ ተፍ ተፍ፣
እግሯ ፔዳሉ ላይ ይጀምራል መክነፍ፤
ክርም የለ፣ መርፌም፣ የሚሰፋም የለ፣
ከታች መዘውሩ እየተንከባለለ።

አንድ ቀን አመሻሽ፣ ይመር ሊያገባ ሲል፣
መብራት ሄደ። ድርግም።
«ብራችን! ብራችን!» እየጮኽን ስንል፣
የሳጥኑ ትንፋሽ ቀስ እያለ ሲከስም፣
በጨለማው ውስጥ ግን አንድ ነገር አልቆመም፤
ጢቅ፣ ጢቅ ይል ነበረ፣ እግሯ ባለችበት፣
መብራት ኃይል የማያውቀው፣ ቆጣሪ የሌለበት።