ባንድ ነበርን

ፖርት ኬምብላ ላይ፣ ከብረት ማቅለጫው ሥር፣
በዞራን አባት ጋራዥ፣ ሰኔ ነው፣ ብርድ ነበር።
ሦስት ኮርድ እናውቃለን፤ አራተኛውን ሊንደን
"ለሽማግሌ ነው" ብሎ ከልክሎን።
ጃሲንታ ከበሮ ስትመታ፣ ዕዳ እንደምታስከፍል፤
ጎረቤት ጣሪያው ላይ ድንጋይ ሲወረውር፣ "እሱም ይግባ!" ትል።

እኔ ድምፄ አህያ፣ ጣቴም የማይታዘዝ፤
መንጃ ፈቃድ ግን ነበረኝ፣ ቶዮታዋን የሚያስይዝ።
ሹፌር፣ ካናቴራ ሻጭ፣ ገንዘብ ያዥ፣ አስታራቂ፤
ከመድረኩ ኋላ የላብ ፎጣ ጠባቂ።

ስማችን "የማክሰኞ ጥራጊ" ነበር፤
ማክሰኞ ማታ ነው ቆሻሻው ደጅ የሚደረደር።
ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ፤
ጩኸቱ የእሾህ አጥር፣ ውስጡ የንብ ቀፎ ነበር።
የመጀመሪያው አልበም ባራት ቀን አለቀ፤
የሊንደን ጉሮሮ ባምስተኛው ደረቀ።
"ሃያ ዓመት አልሞላም" የሚለው ዘፈን
ሜልበርን ቀድሞን ገብቶ፣ ስንደርስ ተቀበለን፤
ሕዝቡ ግጥሙን ነጥቆ ከኛ በላይ ሲዘፍን
ዞራን ቤዙን ትቶ ቆመ፣ ዕንባውን ሲሸፍን።

ከዚያ ሲድኒ ጠራን፤ ባለ ክራቫቱ መጣ፤
"ትንሽ ቀስ በሉ" አለና ቫዮሊን አመጣ።
ሦስተኛው አልበም እንደ ልደት ኬክ አማረ፤
ማንም አልቆረሰውም፣ ካርቶኑ ውስጥ አደረ።
ያ ፈጣን ዘፈናችን የብስኩት ማስታወቂያ ሆነ፤
ሊንደን ብቻውን ፈረመ፤ ሲጠየቅም ጀነነ።

ጎልበርን፣ ነዳጅ ማደያ፣ በሌሊት፣ በዝናብ፣
ስለ መቶ አርባ ዶላር፣ ስለ ቀዘቀዘ ኬባብ፣
አይ፣ ስለዚያ አልነበረም። ግን በዚያ ተጣላን።
ባንድ ነበርን፤ ባንድ ሌሊት ባንድ መሆን ጠላን።
ጃሲንታ ሁለቱን እንጨቶች በብብቷ ሸጉጣ
ባውቶቡስ ሄደች።

አሥራ ስምንት ዓመት። ዞራን ሊፍት ይጠግናል፤
ሊንደን ቤት ያሻሽጣል፤
የጃሲንታ ግራ ጆሮ ቀን ተሌት ይጮኻል፤
"ያልተከፈለኝ ደሞዝ ነው" ትላለች።

ባለፈው መስከረም፣ የጡረተኞች ክበብ ውስጥ፣
የአርባ ሦስት ዓመቱ ሊንደን "ሃያ ዓመት አልሞላም" አለ።
ማንም አልሳቀም። ራሰ በራው ሁሉ ዘለለ።
ልጆች፣ ጆሯቸው ተሸፍኖ፣ ከትከሻ ላይ ሆነው
አባቶቻቸውን ቁልቁል አዩ፣ እንደማያውቁት ሰው።

እኔ በር ላይ ነኝ፣ ጠረጴዛዬን ዘርግቼ፣
የድሮውን ካርቶን ከኮርኒስ አውጥቼ።
የቀረው ትንሹ ቁጥር ነው፤ ሁሉም አንስቶ ይለካል፣
ደረቱ ላይ ያደርገዋል፣ ሆዱን ያያል፣ ይስቃል፣
አጥፎ ይመልሰዋል።

አንዲት ልጅ ግን ለበሰችው፤ እስከ ጉልበቷ ወረደ።
"ስንት ነው?" አለችኝ።
የድሮውን ዋጋ ነገርኳት።