ሰባት ኪሎ

ዘጠኝ በረዶ ሙሉ ሳውናችን ለሰው አልሞቀም፤
ሙጫ ብርድ አይወድም፣ ታውኖ ከሙጫው አይርቅም።
የክንፍ የጎድን አጥንት፣ ከቀጭን ጥድ የተላገ፣
በእኛ መደብ ተጋድሞ፣ ሙቀቱን እየማገ፣
እኛ በባልዲ ውሃ በኩሽና ጥግ ታጠብን፤
ጎረቤት ለምን ሲለን፣ "እንግዳ አለብን" አልን።

አዋላጅ ነበርኩ እኔ፣ ሠላሳ አራት ዓመት።
ከሐይቁ ዙሪያ ያሉ ልጆች፣ ዛሬ ጢም ያበቀሉት፣
በእኔ ሚዛን አለፉ፣ ራቁታቸውን እያለቀሱ፤
ጡረታ ስወጣ ሚዛኑን ሰጡኝ፣ ከነጨርቁ፣ ከነትራሱ።
አውሮፕላኑ አካል አውጥቶ፣ ዕቃ መግጠም ሲጀመር፣
የሁሉም ነገር መግቢያ በዚያ በሕፃን ሚዛን ነበር።

ሬዲዮው፦ ስምንት መቶ ግራም። ይግባ።
ኮምፓሱ፦ ሁለት እንቁላል። እሱማ ይግባ።
ሁለተኛው ስክሪን፣ ካርታ የሚያሳይ በቀለም፦
"ታውኖ፣ ሐይቁን አታውቀውም?" ዝም።
ማሞቂያው፦ አራት ኪሎ ተኩል። "ካልሲ እሠራልሃለሁ።"
የቆዳው ወንበር፦ "ይህንን ለሳሎን እወስደዋለሁ።"
ክብደት እንደ ሐሜት ነው፣
በግራም ይገባል፣ በኩንታል ይወጣል፣
እያልኩ ሰበክሁት፤
ሰባኪ መች ራሱን ይመዝናል።

አንድ ነገር ብቻ ሳልመዝን ሰጠሁት፤
ከሹራቤ ጫፍ የበጠስኩት ቀይ ክር፣
መስታወቱ ላይ በፕላስተር ተለጠፈ።
ቀጥ ብሎ ከተኛ አውሮፕላኑ አቅንቷል፤
ከዘመመ በጎኑ እየተንሸራተተ ነው፣ እግር መሪውን ይሻል።

ኡርፖ መርማሪው መጣ፣ ሦስት ሚዛን ተሸክሞ።
ሁለቱን ከስኪዎቹ ሥር፣ አንዱን ከጅራቱ አስቀድሞ፣
እርሳሱን በምላሱ አርሶ፣ ቁጥሩን ደመረ፣ አባዛ፤
"የኋላው ተሳፋሪስ ስንት ነው?" አለ በለዛ።
"ስልሳ አራት" አልኩት፣ ካፖርቴን እስካንገቴ ቆልፌ።
እውነቱ ሰባ አንድ ነበር፤ ሰባቱ ቀረ ከአፌ።
የሰው ልጅ ሁሉ ሲመጣ ግራም ሳልሰርቅ የመዘንኩ፣
ተራው በደረሰኝ ጊዜ ሰባት ኪሎ ሰረቅኩ።

ስልሳ አራት ኪሎ አሸዋ፣ በእኔ ቀበቶ ታስሮ፣ በእኔ ቦታ
በረረ ሳምንት ሙሉ፤ ቃል ሳይተነፍስ ይገባል ማታ።
መጋቢት ላይ፣ በረዶው ሳይሰነጠቅ፣
እኔ ገባሁ በከረጢቱ ፈንታ።

ስኪው ሐይቁን ፋቀ፣ ፋቀ፣
ከዚያ መፋቁን ተወ።
ቤታችን የክብሪት ሳጥን አከለ።
ግን አፍንጫው ሽቅብ፣ ሽቅብ አለ፣
እንደ ፈረስ ልጓም የጠላ፤
መሪው በታውኖ እጅ ላላ፣
በትንሽ ጣት የሚነዳ፣ መሄጃውን ያጣ።
ገፋው ወደ ፊት። ደግሞ ገፋው።
ድምፁ በማዳመጫዬ መጣ፦
"ጅራቱ ላይ የተቀመጠ አለ፣ ኬርቱ፣ ከእኛ ሌላ።"

በትከሻው በኩል አየሁት ያንን ክር፤
ቀጥ ብሎ ተኝቷል፣ እንደማይዋሽ ምስክር።
"ሰባ አንድ ነኝ" አልኩ።
ሞተሩ ብቻ መለሰ።
"ከነቦቲዬ ሰባ ሦስት።"

ክንፉን እንደ ሙሉ ሳህን ይዞ ዞረ፣ ሳያጋድል፤
ፈጠን ብሎ አረፈ፣ ዝግታን ሳያምን።

ማታ ምንም አላለኝም። ጋራዡ ውስጥ መብራት በራ።
በመስኮት አየሁት፣ ባትሪውን ከወንበሬ ጀርባ ሲያወጣ፣
ሁለት እጁን ከሥር አድርጎ፣ እኔ አንገት እንደምደግፍ፣
ወደ ሞተሩ ወስዶ፣ ከፊት በኩል ሲያሳርፍ።
ደብተሩ ላይ የእኔ መስመር በላጲስ ጠፍቶ ተጽፏል እንደገና፤
ሰባ ሦስት ይላል። ከጎኑ፣ በደቃቅ ፊደል፦ "ከነቦቲ"።

ከዚያ እንጨት ሲፈለጥ ሰማሁ።
ከሳውናው ጢስ ወጣ፣
በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለሰው።
"ነይ" አለኝ በሩን ከፍቶ፤
"ካፖርቱን እዚያው ተይው።"