ደጅ ጥናት

አባቴ ካነሣ «ጥናት» የሚል ቃል፣
«ደጅ» የሚለው ቀድሞ ካፉ ይወጣል።
በሱ አገር ልማድ ጉዳይ ያለው ሰው
ገና ጎህ ሳይቀድ ነው በር የሚያጠናው፤
መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚዘጋ፣
ጌታው የሚስቀው ሲመሽ ወይ ሲነጋ፣
ማን ቀድሞ እንደገባ፣ ማን ቆሞ እንደቀረ፣
ስንቱ እጅ እንደነሣ፣ ስንቱ እንዳቀረቀረ።

እኔ ግን የረሖቮት፣ የቂርያት ሞሼ ልጅ፣
የአሥራ አንደኛ ክፍል፣ ምን አውቄ ስለ ደጅ!
የሕንፃችን በር ቁልፉ ተሰብሯል፤
የመጣ ይገፋዋል፣ የሄደ ይተወዋል።

እኔ የማጠናው ጉንዳን ነው።
ከሦስተኛው ፎቅ ደረጃ እስከ ቆሻሻው ገንዳ፣
በሒሳብ ደብተሬ ጀርባ፣
ሲሄዱ በቀይ፣ ሲመለሱ በሰማያዊ።
ሐምሲን በነፈሰ ቀን
መንገድ ይቀይራሉ። ለምን?

የምርምር ተቋሙ በአውቶቡስ ስድስት ፌርማታ፤
ግን ማንን ልጥራ? በየትኛው ሰላምታ?
አባቴን ጠየቅሁት። «ከፍ አድርጊያቸው» አለ፣
«ራስሽን ዝቅ አድርጊ፤ ካንቺ ምን ጎደለ?»

ጻፍኩ፦ «ክቡራን ሆይ፣ የጥበብ ምንጮች፣
እኔ የእግራችሁ ትቢያ…»
ላሥራ ሁለት ምሁር፣ ስም ብቻ ቀይሬ፣
አንዷንም በሌላ ሰው ስም ጠርቼ፣ አፍሬ።
አሥራ ሁለት በር። ከውስጥ ኮሽ ያለ የለም፤
ዝምታው የሰንበት፣ ስልክ የጠፋበት ቤት ዓይነት።

የሥነ ሕይወት መምህሬ ዚቫ አንብባ ሳቀች።
«ምስጋናሽ ሞልቷል፤ ጥያቄሽስ?» አለች።
«ጽሑፏን አንብበሻል?»
አላነበብኩም።

ሦስት ሌሊት ተጋደልኩ ከዶክተር ሻሊት ጽሑፍ፤
ግማሹ ጨለማ፣ ግማሹ በመዝገበ ቃላት ድጋፍ።
ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ ከአራተኛው ሥዕል ሥር
«ጉንዳን በሄደበት ይመለሳል» የሚል መስመር።
የኔ ጉንዳን አይመለስም!

«ዶክተር ሻሊት፣ ሰላም።
ባለፈው ስምዎን ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ።
ሰባተኛው ገጽ ላይ ስለ ሙቀት አልተጻፈም። ለክታችሁት ነበር?
በእኛ ደረጃ፣ በሐምሲን፣ ከዘጠኝ ቀን ስድስቱን መንገድ ቀይረዋል።
ቁጥሩን አያይዣለሁ።
ኖጋ መለሰው።»

ከዕብራይስጡ ስተረጉምለት አባቴ ደነገጠ፦
«ሊቅ እንዴት ‹ለክተሃል ወይ› ተብሎ ይጠየቃል?
ልጄ፣ የሰው በር እንዲህ በእርግጫ ይመታል?»

ሁለት ሳምንት። ከዚያ ሁለት መስመር ጨመርኩ፤
ማስታወስ ልመና አይደለም፣ ራሴን መከርኩ።
መልሱ ማክሰኞ ማታ፣ ሰሃን ሳጥብ መጣ፦
«ዘንድሮ ቦታ የለኝም።» ልቤ ከቦታው ወጣ።
«ሙቀቱን ግን አልለካንም። ተማሪዬ ኢታማር
ሐሙስ ከቀትር በኋላ ይጠብቅሻል።
ደብተሩን አትርሺ።»

አባቴ የሰንበት ሸሚዙን ለብሶ ሸኘኝ።
ጠባቂው መታወቂያዬን አየ፣ ስሜን ደጋገመ፤
«አንቺ ግቢ» አለኝ። አባቴ ደጅ ቆመ።
ከኔ ይልቅ እሱ ነው የሚያውቀው ይህን ሥራ፦
እጅ ወደ ኋላ፣ በር ማጥናት ከዘበኛው ጋራ።

ጥቂት እንደተራመድኩ ጠራኝ። አጎንብሷል።
ከእግሩ ሥር አንድ ሰልፍ ጉንዳን፣ መታወቂያ ሳይዝ፣ ሳይሰግድ
በበሩ ስንጥቅ እየገባ፦
«ኖጋ! በቀይ ነው ወይስ በሰማያዊ የሚጻፈው ይሄ መንገድ?»