የጨው ከተማ በር

ሐሙስ ማታ፣ ከዚራ፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣
አራት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ እግሩ የላላ ወንበር።
ሙቀቱ እንደ ዘመድ መጥቶ አልሄድም ብሎ ተቀምጧል፤
ሮብሌ በካርቶን ያራግባል፣ ረምዚ ሳምቡሳ ይቆጥራል፤
መሐላችን የተዘረጋው ካርታ፣ በእርሳስ የተሳለ፣
የሻይ ብርጭቆ አርፎበት፣ ባሕሩ ላይ ደሴት ያበቀለ።

ዕጣችን ባለ ሃያ ገጽ ናት፤ የሮብሌ አጎት ነው የቀረጻት፣
በባቡሩ ወርክሾፕ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ከተረፈ ቁራጭ ብረት።
ትንሽ ታደላለች፣ ወደ ሰባት።
እናውቃለን፤ አንቀይራትም። ያላደላ ማን አለና?
ቀን ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ማታ ግን እዚህ እመጣና
ዝናብ አዘንባለሁ፣ ንጉሥ እሽራለሁ፣ ተራኪው እኔ ነኝና።

ጉልላት በጨዋታው ፈረሰኛ ነው፤ የጨው ከተማን በር ይጠብቃል፤
«ሳይፈተሽ የሚያልፍ የለም» ብሎ፣ ሰይፉን ይዞ ምሏል።
መሐላውን የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ ሰበብም አበጅቼለት፦
ድሮ አንድ ከረጢት ሳይፈታ አልፎ፣ ግማሽ ከተማ አለቀ በአንድ ሌሊት።

ያን ማታ አንዲት ሴት አመጣሁ፣ ከበሩ ፊት፣ ሲመሽ፣
ቅርጫት የታቀፈች፣ በጨርቅ የተሸፈነ፣ እንዳይታይ፣ እንዳይፈተሽ።
«አትክፈተው» አለች በእኔ አፍ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ቀጥዬ፣ አርጅቼ፣
«ብትከፍተው ይሞታል። ብትመልሰኝም ይሞታል፣ ልጄ።»

ረምዚ እጁን አነሣ፦
«‹ልጄ› ያለችው ማንን ነው? ጉልላትን ነው ወይስ ቅርጫቱን?»
አልመለስኩም። ሰሙን ሰጠሁ፤ ወርቁን ይፈልጉ ራሱን።

«ትለፍ!» አለ ሮብሌ፣ «አሮጊት ናት፤ ምን ታመጣለች?»
«ያቺ ያለፈችውስ?» አለ ረምዚ፣ «እሷም ይህንኑ ነበር ያለች።»
ተሟገቱ። በሟች ቁጥር ተሟገቱ፤ ባልተወለደ ከተማ ሟች።
እኔ ውስጤን ደስ ብሎኛል፦ ቋጠሮዬ አልፈታ አለች።

ጉልላት ዝም።
ሳምቡሳው እጁ ላይ ቀዘቀዘ።
«ደንገጎ ላይ» አለ በመጨረሻ፣ «ቀኑን ሙሉ የምሠራው ይኼንኑ ነው።
ጆንያ አስፈታለሁ። የሰው ቀሚስ እቆጥራለሁ።
አንዷ ትረግመኛለች፣ አንዷ ታለቅሳለች፣
አንዷ ምንም አትልም፤ የእሷ ይብሳል።
እዚህ የምመጣው ዘንዶ ልገድል ነበር።
ዘንዶው የታለ?»

ማንም አልሳቀ። አንድ ባጃጅ አለፈ፤
መብራቱ ፊታችንን ዳብሶ አለፈ።

«ቅርጫቱ ውስጥ ምን አለ?» አለኝ።
እንደ ጓደኛ አይደለም፤ እንደ ፈታሽ ነው ያየኝ።

ክፍል ውስጥ ፈተና ሳወጣ፣ መልሱ ቀድሞ ኪሴ ውስጥ አለ።
ይኼ ግን መልስ የሌለው ነበር፤ ጥያቄ ብቻ የተንጠለጠለ።
ሕፃን ይሁን በሽታ፣ አልወሰንኩም፤ እስኪመርጡ ነበር የምጠብቀው፣
ከዚያ፣ የመረጡት የትኛውም ይሁን፣ የሚያስቆጫቸውን ላወጣው።
«አላውቅም» አልኩት።
«እንግዲያው» አለ፣ «ዘንዶው አንተ ነህ።»

ሮብሌ ዕጣዋን ገፋለት፦ «ጣላት፤ ሰባት ከመጣ ትለፍ።»
ጉልላት በመዳፉ ከደናት፤ እንድትንከባለል አልፈለገም።
«ዕጣ የሚጣለው መምረጥ ሲያቅት ነው፤ እኔ ገና አላቃተኝም።
ፈረሰኛዬ ቁልፉን ለሮብሌ ይሰጣል፤ ሰይፉን ፈትቶ ያኖራል፤
ከበሩ ውጭ፣ ከሴትየዋ ጎን፣ አሸዋው ላይ ይቀመጣል።
አይከፍትባትም፤ አይመልሳትም። እስኪነጋ ጎኗ ይከርማል።
የያዘችው በሽታም ከሆነ፣ ቀድሞ እሱን ያመዋል።»

ደብተሬን አገላበጥኩ። ለዚህ የሚሆን ሕግ አልጻፍኩም።
ስንት ነጥብ ይሰጠዋል? ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ አላወቅሁም።
«ነጋ» ልል አፌን ስከፍት፣ መብራት ሄደ።
ማምለጫ አይደለም፤ እውነት ሄደ።

ሰኞ ሐረር ስወጣ፣ ሚኒባሳችን ደንገጎ ላይ ቆመ።
ከፊታችን አንዲት ሴት፣ ሳፋ ይዛ፣ በሻሽ የተሸፈነ፤
ጉልላት ቆሟል፣ በዩኒፎርሙ፤
እጁ ሻሹ ጫፍ ደርሷል።
እዚያው ቆየ።
ረዳቱ «ሳበው!» አለ፤ መኪናው ዞረ፤ ኮረብታው ጋረደኝ።

ሐሙስ ሲመጣ አልጠይቀውም።
ቅርጫቱንም ገና አልከፈትኩም።