ግጥም አላለም

ውሃ ተለቆበት የአርካንሳስ የሩዝ ማሳ፣
ዳክዬ ከሰሜን ለጉዞ ክንፉን ሲያነሣ፣
ኦርላ ክራብትሪ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች፤
በብርድ ልብስ የጠቀለለችውን ሞርሳዬ ጎን አጋደመች።

ሁለት ነገር ነበር።
አንዱ አዲስ የፓምፕ ጠመንጃ፣ የዝነኛው አምሳያ፣
በሩብ ዋጋ የተገዛ ከቅናሽ ገበያ፤
ሁለተኛው ሰደፍ ብቻ፣ ያረጀ የዋልነት እንጨት፣
ጉንጭ ሲያርፍበት ኖሮ በላብ ብዛት የወዛበት።

የዴልማር ነው፤ የባሏ።
ጠመንጃውን ዐምና የሆስፒታል ዕዳ በላው፤
ሰደፉን ግን ነቅላ አስቀረች፣ በፕላስቲክ ተክታው።
ገዢው አልጠየቀም፣
እሷም አልተናገረች፤ እኔም አልሰማሁም።

«ያው ነው ብለውኛል» አለች፤ «ኮፒ ነው፣ ሁሉም ይገባል።
ጄረል ቅዳሜ ከአጎቱ ጋር ለዳክዬ ይወጣል፤
በአያቱ ሰደፍ ይተኩስ። አንድ ብሎን ነው፣ አስገባልኝ።»
በሆዴ፦ ስንቱ ጉድ «ያው ነው» ተብሎ መጣልኝ!

አርባ ዓመት እዚህ ሞርሳ ፊት ቆሜ የገባኝ ይህ ነው፦
ያው ነው የሚሉት ነገር በፀጉር ውፍረት ሌላ ነው።
የአንዱ ብሎን በኢንች፣ የሌላው ጥርስ በሚሊሜትር፣
ሁለት ዙር እሺ ይልና ሦስተኛው ላይ ግትር።
የሌላ ቤት አፈሙዝ ቀለበቱ ጋ ሲደርስ ያኮርፋል፤
የጥይት ቱቦ ማስረዘሚያው ይገባል፣ ሞላው ግን ይጣመማል።
ሰደፉም ከብረቱ ጀርባ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ትቶ
ቆመ፣ እንደ እንጀራ አባት፣ እራት ላይ ዘግይቶ።

ገፋሁት። ግጥም አላለም።
ሞረድኩት፣ በቀስታ። አሁንም አላለም።
«ጨምርበት» አለች።
«ከጨመርኩ አንገቱ ይሳሳል፤
ደግሞም ይህቺ በምስማር የተጫረች መስመር ትሄዳለች።»
ቀረብ ብላ አየቻት።
የመጀመሪያ ዓመታቸው ናት።
ሞረዴን ከእጄ ወስዳ መሳቢያው ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ጠመንጃውን አነሣች፣ ፕላስቲኩን እንደ ለበሰ፤
ትንሿን ጣቷን ጎሬው ውስጥ ከታ ዳሰሰች፣ ደግማ ዳሰሰች።
ምላጩ ላይ ስትደርስ «ቆይ!» አልኳት፤ «በባዶው አትምቺው።
ርካሽ ብረት ነው መርፌው፤
የሚያርፍበት ያጣ ምት ዞሮ የሚጎዳው ራሱን ነው።»
ቀይ የልምምድ ቀለሃ ሰጠኋት፤ ባሩድ የለው፣ እርሳስ የለው፣
መመታት ብቻ ነው ሥራው።

ግድግዳዬ ላይ ያለውን የመኖ ነጋዴ ካላንደር አለመች።
ሳበች።
ቀጭ።
ትከሻዋ ሸሸ። ያልመጣ ምት ሸሽቶ
ወደ ኋላ ሄደ፣ ዓይኗም ተጨፈነ አብሮ።

«ሸሸሽ» አልኳት።
«አውቃለሁ» አለች። «ከዐምና ወዲህ እንዲህ ነኝ፤
ስልክ ሲጮህም፣ መኪና ደጅ ሲቆምም።» ሸክ-ሸክ፣ ደገመች።
ቀጭ። ሸሸች።
ቀጭ። ሸሸች።
አሥራ አንድ ድረስ ቆጠርኩ፤ ከዚያ ቡና ልቀዳ ዞርኩ፣
ከጀርባዬ ስለምሰማው ቁጥሩን ምን አደረግኩት?

በመጨረሻ የተስማማነው
ከዴልማር ሰደፍ ጫፍ ያለውን የላስቲክ ትራስ ፈትቼ
ፕላስቲኩ ላይ ልመታው፣ ሁለት ቀዳዳ በስቼ።
በግራ በኩል ትንሽ ተርፎ ወጣ፤
ልከረክመው ስል «ተወው» አለች፣ እጄን ይዛ።

ሰባት ዶላር። ሁለት ደርዘን እንቁላል ጨመረች።
እንጨቱን በብርድ ልብሱ ጠቅልላ በብብቷ ያዘች፤
በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች።
«ቀዩን ቀለሃ ሽጥልኝ» አለች።
«ለጄረል ነው?» አልኳት።
«ለእኔ» አለች።