ሁለት ጣት

ዕቁቡ ደረሰኝ፦ ሠላሳ ስምንት ሺህ፣ በላስቲክ ታስሮ።
ሁለት ሺው ለእናቴ፣ አራት ሺው ለባጃጄ ጎማ፤
የቀረውን በካርቶን ጀርባ ላይ ደለደልኩት
ክረምቱ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ፣ መብራት በጠፋበት ጅማ።

ፕሮሰሰር ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩ። ደግሜ ጻፍኩ።
ራም፦ አሥራ ስድስት። ቀጥዬ፦ ስምንት። አፈርኩ።
አንጎሉን ባሰፋለት ዓይኑ ሊፈዝ ነው፣
ዓይኑን ባበራለት ሆዱ ሊቀር ባዶ፤
አጭር ብርድ ልብስ ነው የኔ ቢጤ ሒሳብ፣
ራስ ሲሸፈን፣ እግር ያድራል በርዶ።

ዋጋ በብር አይገባኝም፤ በመንገድ ነው የምለካው።
ይኼ ፋን፦ ከመርካቶ አጂፕ፣ ሃያ ጊዜ፣ ሰው ሞልቼ።
ይኼ ባለ ቀለም መብራት፣ የሚያብለጨልጨው፦
ሦስት ቀን ቆጪ ተመላልሼ፣ ሦስት ቀን ምሳ ትቼ።
ሰረዝኩት።
ለማየት ያምራል እንጂ ጎል አያገባልኝም።

ነስሩ፣ ፈረንጅ አራዳ ስልክ እየፈታ ያደገው፣
"መጀመሪያ ፓወር ሰፕላይ" አለኝ፣ ብሎን በጥርሱ ይዞ።
"ማንም አይኮራበትም፤ ማንም ፎቶ አያነሳውም፤
ግን መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ እንደ ሰካራም ተናውዞ፣
በሩን በርግዶ ሲገባ፣ እሱ ነው ደጅ የሚቆመው።"
ስድስት ሺህ ቆጠርኩ፣ ለማይታይ ዘበኛ።

ሌላው ሁሉ ያገለገለ ነው። አንድ የመንግሥት ቢሮ
በጨረታ የጣለው፣ ንብረት ቁጥሩ በነጭ ቀለም የተጻፈበት፤
ስንት የዓመት ፈቃድ፣ ስንት ማስጠንቀቂያ ተተይቦበት፣
ስንቱ ባለጉዳይ "ነገ ተመለስ" ተብሎበት፣
አሁን በስተርጅና ኳስ ሊጫወት፣ ሊተኩስ፣ መኪና ሊነዳ።

ግራፊክስ ካርዱ ከአዲስ አበባ መጣ፣ በአውቶብስ፣
ከረዳቱ መቀመጫ ሥር፣ በሕፃን ፎጣ ተጠቅልሎ።
ቀን ከሌት የኢንተርኔት ሳንቲም ሲቆፍር የኖረ ነው አሉ፤
ዋስትናው የሻጩ "ወላሂ" ነው።
ሽታው የተቃጠለ አቧራ።

ከፈትኩ። ገፋሁ። አዘነበልኩ። ደግሜ ገፋሁ።
በሁለት ጣት አልገባ አለ።
ሁለት ጣት!
ዓመት ሙሉ ዋቱን፣ ፍጥነቱን፣ ሙቀቱን ሳሰላ
የሣጥኑን ሆድ ሳልለካ።

አዲስ ኬዝ ስምንት ሺህ። ኪሴ ሰባት መቶ።

አባ ፎጊ በርጩማ ይጠርባሉ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ።
ካርዱን በመዳፋቸው መዘኑ፣ እንደ ገበያ ዶሮ ገላበጡት።
"ማነው የሚቀመጥበት?"
"ማንም። ይተነፍሳል እንጂ።"
ዝም አሉ። ካርቶኔን ተቀብለው፣ በዋጋዎቼ ላይ
በአናጢ እርሳስ ወፍራም መስመር አሰመሩበት።
ከሰባቱ መቶ አምስቱን ወስደው
"በሁለቱ ምሳ ብላ" አሉኝ፤ ፊቴ ሳይነግራቸው አልቀረም።

በሳምንቱ የዋንዛ ሣጥን፣ በሦስት እግሩ የቆመ፣
ጎኑ እንደ በርጩማቸው መደገፊያ የተፈለፈለ፤
በአበባው ቀዳዳ ንፋስ ይገባል።
ካርዱም ገባ። እንዲያውም ጣት ተረፈው።

ሞኒተር ካርቶኑ ላይ አልነበረም።
ረስቼው አይደለም፤ እጄ ነው ለመጻፍ ያልደፈረው።

የእህቴ የረምዚያ ፀጉር ቤት፣ የመጨረሻዋ ደንበኛ ስትወጣ፣
ከካስኩ ጎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁት።
ፋኑ ዞረ። ዋንዛው ሞቅ ሲለው ሸተተ፣
ትናንት የተቆረጠ ይመስል።
ነስሩ ትንፋሹን ዋጠ። እኔም።
ጥቁሩ መስታወት ቀስ ብሎ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ጽሑፍ፦

እንኳን ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት በደህና መጡ።
የይለፍ ቃል ያስገቡ።

ረምዚያ መጥረጊያዋን ተደግፋ አነበበችው፣
አንዴ ለራሷ፣ አንዴ ለእኛ ጮክ ብላ፤
"በል እንግዲህ" አለች፣ "መጀመሪያ ግብርህን ክፈላ!"