ገመዱ ያለቀ ለት

ከዚራ፣ ከኒሙ ሥር፣ ፀሐይዋ ስትበርድ፣
እኔና ዘርጋው ነን፣ በዳማ ሰሌዳ፣ በቆርኪ ስንፋረድ።
የኔ ቆርኪ ቀይ ነው፣ የሱ አረንጓዴ፤
ዳኛችን አብዱረዛቅ፣ ሐሸሩን እየጠጣ፣
አንዴ ለሱ ያግዛል፣ ለኔ ደግሞ አንዴ።

ዘርጋው የባቡር ሰው፤ በድሬ ዴፖ ውስጥ፣ ብረት ሲያለዝብ የኖረ፣
በፈረንሳይኛ ተሳድቦ፣ በአማርኛ የተጠራጠረ።
እኔ የሰንበት መምህር፤ ጥቅስ በጣቴ የምቆጥር፣
የሰው ጥያቄ ሳያልቅ፣ በመልስ የማጥር።

«እሺ፣ ያ የቀኙ ወንበዴ፣ ዕድሜውን ሲዘርፍ ኖሮ፣
በአንዲት ቃል ገነት ከሰፋለት፣
በያጁ ሱፊያን፣ የሰው ሳንቲም ያልነካው፣
ዓይኑን ለሥራ የሰጠው፣ ምን ይባልለት?»
«ምሕረት ነው» እላለሁ፤ «ደመወዝ አይደለ፣ በሰዓት አይሰፈር፤
ከጠዋቱ እኩል ይከፈለዋል፣ ማታ ደርሶ ቢቆፍር።»
«በኛ ዴፖ ቢሆን፣ በዚያው ቀን አድማ ነበር!» አለ፤
አብዱረዛቅ ሳቀ፣ ሐሸሩ ትን እስኪለው፤
ሰሌዳው ተናጋ፣ ቆርኪው ሁሉ ፈልሶ እንደገና ተተከለ።

«ሲኦልን ካልፈራህ» ስለው፣ «ከክፉ ምን ይይዝሃል?»
«አንተን የያዘህ ፍርሃት ከሆነ፣
ዘበኛው ያንቀላፋ ለት ምን ይውጥሃል?»
መልስ ሲያጥረኝ ቀና ብዬ፣ «እሱማ» እላለሁ፣ «ምሥጢር ነው።»
«ስታሸንፍ ማስረጃ፣ ስትሸነፍ ምሥጢር!
ዳማ እንዲህ ቢሆን፣ የማይነግሥ ማነው?»

እንዲህ ነበር ምሽታችን፤ ሙቀቱ እስኪወጣ መካሰስ፣
እሱ በኔ ሳይጸድቅ፣ እኔም በሱ ሳልፈርስ።

ሐሙስ ለት ግን፣ በሐረር በኩል፣ የጋራው አናት ጠቆረ።
ደጫቱ ደረቅ ነው፤ ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ ይለጋሉ፤
ዘርጋው ቆርኪውን እንደያዘ ቀረ።
«ያን ሌሊት...» አለ። ያን ሌሊት ማን ይረሳል?
ውሃ በግንብ ልክ ቆሞ ሲመጣ፣ ሽባም ቢሆን ይነሣል።

«የዴፖ ገመድ ነበረኝ፤ ፉርጎ የሚጎትት፣ ወፍራም፤
ጫፉን ምሰሶ ላይ አስሬ ወረድኩ፤
ስም አልጠየቅኩም፣ ሃይማኖትም።
አንዷን አወጣሁ። አንዱን። ሕፃኑን በፀጉሩ ጎተትኩት።
አራተኛዋ እጇን ዘረጋች። ገመዱ አለቀ።
አንድ ክንድ ነው ያነሰኝ። ኋላ ለካሁት።

አንተ ስለ መዳን ስታስተምር፣ እኔ ያን ክንድ አስባለሁ።
ኃጢአቷ ነው የረዘመ፣ ወይስ ገመዱ ያጠረ?
መልስልኝ፤ እሰማለሁ።»

ጥቅሶቼ ጣቴ ላይ ነበሩ። አንዱንም አላነሣሁ።
ያን ሌሊት የነበርኩበትን፣ ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን፣
እዚያው ኒሙ ሥር አወጣሁ።

እኔ ፎቅ ላይ ነበርኩ፤ የታችኛውን በር ቆልፌ።
ሲደበድቡት ሰምቻለሁ። ዳዊት ደገምኩ፣ ጮኼ፣
የሰው ጩኸት እስኪሰጥም በአፌ።
ጠዋት ጎረቤት «ጸሎትህ ጠበቀህ» ብሎ ሳመኝ፤
አሜን አልኩ። ያ አሜን፣ ይኸው እስካሁን፣
እንደ ዓሣ አጥንት አነቀኝ።

ዘርጋው አልፈረደም። ቆርኪውን አስቀመጠ፤
«እኔም አንድ አለኝ» አለ፤ አመነታ፤ ከዚያ አፈረጠ፤
«ገመዱ ሲያልቅ ጮኼያለሁ። ‹አንተ!› አልኩ። ‹አንተ ያዛት!›
ለማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤
ብቻ ከታች ወደ ላይ ነበር የጮኽኩት።
እንዳትጽፈው ታዲያ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት መዝገብ፤
የተጠራው ሳይመልስ፣ የጠራው አማኝ አይባልም።
ግን ጠርቻለሁ። ይኸው ነው። አንተ ደግሞ አስብ።»

አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።
በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጥያቄ ራሱ እስኪያልቅ ጠበቅኩት።

ከጋራው ነጎድጓድ መጣ፤ ልጆቹ ኳሱን ጥለው ሮጡ።
«ገመዱ የት ነው?» አለ አብዱረዛቅ፣ ሐሸሩን ደፍቶ ሲነሣ፤
ተራው የኔ ነበር፤ ተውኩት፤
አንድ ቀይ ቆርኪ መሬት ወደቀ፣ ማንም አላነሣ።
«ቤት ነው» ይላል ዘርጋው፤ ቀድሞናል፤ ከኋላው እሮጣለሁ፤
«ሁለት ክንድ ቀጥዬበታለሁ።»